ካሜራ ውስጥ የቀረች እናቴ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2007፣ ቆሰበር

ትናንት ማታ ከእናቴ ለቅሶ ከዳንግላ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝና በዚያው አፋቸው የሚጻፍ ደብዳቤ ቆለሉብኝ። እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ቆሰበር ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ከእኔ በላይ የኖረ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው ይህን ደብተር ያወጣሁት። ሰው ፊት የማልናገረው ነገር ሆዴ ውስጥ ሞልቷል።

ከለቅሶው ቤት ካሜራ ይዤ መጥቻለሁ። ካሜራው የወንድሜ የአየነው ሚስት የእናትነሽ ነው፤ እህቷ ከዐረብ አገር ልካላት። እናቴ የመጨረሻውን ዓመት እነሱ ዘንድ ነበረች። እኔ ዘንድ ብትሆን እወድ ነበር፤ ግን አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነኝ፣ ማን ያያታል? በዚያ ላይ ራሷ «ዳንግላ ይሻለኛል» አለች። ለምን እንደሚሻላት አልጠየቅኳትም።

ካሜራው ውስጥ የእናቴ ፎቶ አለ። ዘጠኝ ነው፣ አንደኛው የተበላሸ ነው። እናቴ ፎቶ አትወድም ነበር። ከቀበሌ መታወቂያዋ በቀር ምስል የላትም፤ እሱም ላይ ማኅተሙ ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል። ስለዚህ ለአርባዋ ተዝካር አሳጥቤ፣ አስተልቄ፣ በፍሬም ድንኳኑ ውስጥ የማቆመው ከነዚህ ከዘጠኙ አንዱን ነው። ሌላ ፊት የላትም። ያለ ፎቶ አርባዋ ከወጣ፣ የተማረች ልጅ እያለቻት ምስሏን እንኳ አጣች ነው የሚባለው።

እናትነሽ ካሜራውን ስትሰጠኝ ትንሽ እንኳ አላንገራገረችም። «እታለም፣ ገመዱንም ውሰጂው» አለችኝ። «ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ገመድ ቢሮ ሞልቷል» አልኳት። ሰው የራሱን ዕቃ እንዲህ በቀላሉ ይሰጣል እንዴ? እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አይገጥምም። የስልኩ ገመድ አይገጥምም፣ የፕሪንተሩ አይገጥምም፣ ከመዝገብ ቤት የተዋስኩትም አይገጥምም። የካሜራው ቀዳዳ ጠፍጣፋ ነው፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ የተሸረፈ ይመስላል። ለራሱ ብቻ የሚሆን ገመድ ያለው ካሜራ አይቼ አላውቅም።

አሁን ነው የገባኝ። «ገመዱንም ውሰጂው» ያለችው ለይስሙላ ነው። ከልቧ ቢሆን ኖሮ ዝም ብላ ቦርሳዬ ውስጥ ትከተው ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከሥራ ስወጣ ሙደሲር ሱቅ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል፣ ፎቶም ያትማል። ከሥር ካርቶን አወጣና የተጠላለፈ ገመድ እንደ አንጀት ዘረገፈው። አንዱን ሲፈትሽ፣ ሌላውን ሲጥል ቆይቶ የሚገጥም አገኘ። ደስ አለኝ። ሰካነው። ኮምፒውተሩ ያቺን የተለመደች ድምፁን አሰማና ወዲያው «የሰካችሁትን ዕቃ አላወቅኩትም» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አወጣ።

ነቅለን ሰካን። በኋላ በኩል ሰካን። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራነው። የካሜራውን ድንጋይ አውጥቼ አዲስ ገዛሁና አስገባሁ። ያው ነው፤ አላወቅኩትም ይላል። ከዚያ መብራት ሄደ።

«ካሜራውን እኔ ዘንድ አሳድሪው፤ መብራት ሲመጣ እየሞከርኩ ላምሽ» አለኝ።

አላሳድርም አልኩት። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን የእናቴን ፊት ሰው ሱቅ ትቼ የምሄደው ምን ነክቶኝ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እሱም አልተቀየመም፣ ወይም አልተቀየመም መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ዳንግላ

ለእናቴ አሥራ ሁለተኛ ቀን መታሰቢያ መጣሁ። እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። መቃብሯን ላንሳ ብዬ ካሜራውን ብከፍት «ሞልቷል» አለኝ። ደግነቱ ቅዳሜ ከሙደሲር የገዛሁት የካሜራ ካርድ፣ ፎቶ የሚቀመጥበት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አስገባሁት። እሺ አለ። መቃብሩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ።

ቦርሳዬን አልጋ ላይ ትቼው ነበር። ስመለስ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

«ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ እታለም፤ ልጆቹ እንዳይነኩብሽ ብዬ» አለች እናትነሽ።

ማድ ቤት ከጎረቤት ሴቶች ጋር በአዊኛ ታወራለች። ግምጃ ቤት በሚባለው አገር ያደገች ናት፣ ቋንቋው አፏ ላይ ነው። እኔ ከተማ ነው ያደግኩት፤ ከቃሉ ግማሹን እንኳ አልይዝም። «ካሜራ» ሲሉ ግን ሰማሁ። «ሀይማኖት» ሲሉም ሰማሁ፤ ስሜ ነው። ስገባ ዝም አሉ።

ከእናቴም ጋር እንዲሁ ነበሩ። ያኔም እኔ ስመጣ ዝም ይሉ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የለችም።

ሚኒባስ ውስጥ ከፈትኩት። ሦስት የመቃብር ፎቶ አለ። ከዚያ በፊት ያለው የለም። ወደ ኋላ ብል መቃብሩ፣ ወደ ፊት ብል መቃብሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ምነው እህቴ፣ አመመሽ?» አለኝ።

እናቴ የለችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ቢሮ ሳልገባ ሙደሲር ዘንድ ሄድኩ። ካርዱን አውጥቶ በካርድ ማንበቢያው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ሦስት ነው፣ ሦስቱም መቃብር ነው። የተሰረዘ የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ ብሎ አስሮጠው። እያየሁት የፕሮግራሙ መስመር እስከ ጥግ ሞላ። መጨረሻ ላይ ምንም አላወጣም።

«ወላሂ ሀይሚ፣ እዚህ ካርድ ላይ ከነዚህ ሌላ ነገር ተጽፎበት አያውቅም። የተሰረዘ ነገር አሻራ ይተዋል። ይሄ ንጹሕ ነው።»

«እኔ በዓይኔ ያየኋቸውን?»

«እዚህ ካርድ ላይ ነው ያየሻቸው?»

«ታዲያ የት ልያቸው? ካሜራው ላይ ነዋ።»

ሌላ ደንበኛ መጣና ወሬያችን ተቋረጠ።

ቆይቼ ሳስበው አንድ ነገር ገረመኝ። ሳልጠይቀው ምን አስማለው? ካርዱንስ የሸጠልኝ እሱ አይደል? ግን ሙደሲር እናቴን አያውቃትም፤ ምን ሊጠቅመው? አሻራ ሳይተው የሚያጠፋ ሰው ካሜራውን በደንብ የሚያውቅ ነው። ካሜራውን በደንብ የሚያውቅ ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ቦርሳዬን ከአልጋ ወደ ሣጥን አንስቷል።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አየነው ጋ ደወልኩ። በቀስታ ልነግረው ነበር ያሰብኩት።

«ሚስትህ እማዬን አጠፋቻት» አልኩት።

«እትዬ፣ እስቲ እንደገና በይው፤ ምን እንዳልሽ ሰምተሽዋል?» አለኝ።

ፎቶውን ነው አልኩት። የዘጠኙን ነገር ነገርኩት። እናትነሽ እንደዚህ አታደርግም፣ እማዬን በእጇ አጉርሳ በእጇ አጥባ ያኖረች ናት አለ። እኔ ያላጎረስኩ ያላጠብኩ መሆኔን ሊነግረኝ ነው። ስልኩን ከእጁ ወስዳ «እታለም፣ ገመዱን ይዤ ልምጣ?» አለችኝ።

«አሁን ገመድ ምን ሊያደርግልኝ?» ብዬ ዘጋሁት።

ተመልከት እንግዲህ። ፎቶው ሲጠፋ ገመዱ ተገኘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዳንግላ ደርሼ መጣሁ፤ ወንድሜ ቤት ግን አልገባሁም። ከቅዳሴ በኋላ የእናቴን ነፍስ አባት ቄስ ሽባባውን ጠብቄ ነገሩን ነገርኳቸው። ይገዝቱልኝ አልኩ። በሬ የተሰረቀበት፣ ድንበር የተገፋበት ሰው ያስገዝት የለ? የእኔ ከበሬ ያንሳል?

«ልጄ፣ ለፎቶ ገዝቼ አላውቅም» አሉኝ። «ደግሞ ግዝት ከአፍ ከወጣ ሰው አይመርጥም። ያጠፋውን ሁሉ ይይዛል፤ አንቺ ያሰብሽውን ብቻ አይደለም። ቀስ ብለሽ አጣሪ።»

አጣርቻለሁ አልኳቸው። «ሳምንት አስቢበትና ነይ» ብለው መስቀሉን አሳለሙኝ።

ስመለስ የእናቴን ባልንጀራ እማማ ወርቅነሽን መንገድ ላይ አገኘሁና ነገርኳቸው። ማንንም በስም አልጠራሁም። «ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው» ብቻ ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። አንድ ደብዳቤ ላይ የሰውዬውን ስም አሳስቼ አለቃዬ ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። ያቺ ሴትዮ እኮ ሥራዬንም ልታሳጣኝ ነው።

ለምን ታጠፋዋለች? እሱን ነው የማላውቀው። ምቀኝነት ነው እላለሁ። አርባዋን እኔ በፎቶ እንዳላደምቀው ነው እላለሁ። ደግሞ ስለ እናቴ ያለቀሰችው ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሰው ለአማቱ እንደዚያ ያለቅሳል? እኔ ያን ቀን እንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ ደርቄ ነው የዋልኩት። ሰዉ ሁሉ እሷን ነበር የሚያጽናናው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ተገዘተ።

ሳምንቱን እንዳሰብኩበት ለቄስ ሽባባው ነገርኳቸው። ዓይኔን አዩና ወጡ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቆሞ ሳለ «የወርቅዬን የ… የሟቿን ምስል ያጠፋ፣ የሸሸገ፣ የሸሸገውን እያወቀ ዝም ያለ፣ ወጥቶ እስኪናገር በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን» አሉ። ድምፃቸው ደከም ያለ ነበር። እናቴን «ወርቅዬ» እያሉ በቁልምጫ ይጠሯት እንደነበር ረስቼው ነበር።

ባልንጀራዋ እማማ ወርቅነሽ ለሴቶቹ ነግረው ኖሯል። ሁሉም ወደ እናትነሽ ዞረው አዩዋት። ሕፃኗን አዝላ ከግንቡ ሥር ቆማለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችና መሬት መሬት አየች። ንጹሕ ሰው ቀና ብሎ አያይም?

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ራሴን አሞኝ ነው መሰለኝ፣ ፀሐዩ ከባድ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አየነው ደወለ። እናትነሽ ልጆቿን ይዛ ግምጃ ቤት እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ሸሽተዋት ነው አሉ።

«ጥፋት ባይኖርባት ለምን ትሄዳለች?» አልኩት።

«እትዬ፣ ደህና እደሪ» አለኝና ዘጋው። ወንድሜ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም።

ለተዝካሩ ማን ጠላ ሊጠምቅ ነው? ማን እንጀራ ሊያስጋግር ነው? ይህንን ሳታስብ አልሄደችም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አርባዋ ደረሰ። የቀበሌ መታወቂያውን ለሙደሲር ወሰድኩለት። ስካን አድርጎ ማኅተሙን በኮምፒውተር ሊያጠፋ ሞከረ። ማኅተሙ ሲጠፋ ጉንጯም አብሮ ጠፋ። ሌላ ጉንጭ ሲሠራላት የማላውቃት ሴትዮ ሆነች። «ተወው» አልኩት።

«ያ ካሜራ ግን…» ብሎ ጀመረ።

«ካሜራውንም ተወው። ይልቅ የሸጥክልኝ ካርድ የማይረባ ነው፣ ነገ እመልስልሃለሁ» አልኩት። መታወቂያውን ሰጠኝና ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። ዛሬ ሁሉም ሰው ፊቱን ያዞርብኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጽሑፌ ካልተነበበ ግድ የለም።

ምሳ ሰዓት ካርዱን ለሙደሲር ልመልስ ብዬ ከካሜራው አወጣሁት። ድንጋዩንም ላውጣ ስል ሳላስበው ቁልፉን ነካሁት። ካሜራው በራ። እናቴ።

እናቴ ስክሪኑ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

ሁሉም አለ። ዘጠኙም። የተበላሸውም ሳይቀር።

ካርዱን መልሼ አስገባሁት፤ መቃብር። አወጣሁት፤ እናቴ። አስገባሁት፤ መቃብር። የቢሮው ዘበኛ በመስኮት እያየኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት አላውቅም።

ለካ ካሜራው የራሱ ማስቀመጫ አለው። ያለ ካርድ የተነሳው ሁሉ ውስጡ ይቀራል፤ ካርድ ሲገባበት ደግሞ ካርዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። «ሞልቷል» ያለኝ ያ ውስጡ ነበር። እህቷ ስትልክላት ያለ ካርድ ነበርና እናትነሽ ያነሳችው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ወዴትም አልሄደችም። እላይዋ ላይ ካርድ የከተትኩባት እኔ ነኝ።

 «ያጠፋ፣ የሸሸገ» ነው ያሉት ቄስ ሽባባው። ያጠፋ የለም። የሸሸገ ግን አለ። ሳያውቁ መሸሸግ ይቆጠራል? ማንን ልጠይቅ? ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሥራ ስገባ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሜ ነው ያለፍኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሰውን ሳላስቸግር ልጨርሰው ብዬ ነበር።

ካርዱን አውጥቼ ካሜራውን ከሙደሲር በተዋስኩት ገመድ ሰካሁት። አላወቅኩትም። ቢሮ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ሰካሁት፤ አላወቅኩትም። ወደ ካርዱ ልገልብጠው ብዬ የካሜራውን ማውጫ አንድ በአንድ ገባሁበት፤ ቻይንኛም እንግሊዝኛም ተቀላቅሎበታል፣ መገልበጫ የሚል አጣሁ። የካሜራውን ስክሪን በስልኬ ላንሳው አልኩ። የወጣው የእኔ ራስ ጥላ ነው፤ እናቴ ከኋላው ደብዝዛ አለች።

ሙደሲር ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ይሄንን ነው ልነግርሽ ስል የነበረው እኮ። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ግን ልነግርሽ ነበር።» ገመዱን ገልብጦ አየና «የዚህ ገመድ ውስጡ ተበጥሷል፤ ኮምፒውተሩ ካሜራውን የማያየው ለዚህ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው ገመድ የት ነው?» አለኝ።

የት እንዳለ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ፈቃድ ጠይቄ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። «የቴክኒክ ችግር ነው» ብዬ እጀምራለሁ ብዬ ነበር።

እናቷ በር ላይ ቆመው ግቢ አላሉኝም፤ በእጃቸው ብቻ ወደ ጓሮ አመለከቱኝ። እናትነሽ ድንች እየቆፈረች ነው፤ እጇ እስከ ክርኗ አፈር ነው። ስታየኝ መቆፈሪያውን ጣለችው።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ መጣሽ? አየነው ደህና ነው?»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ካሜራውን አውጥቼ አበራሁላት። «ተገኘች» አልኳት። «እዚሁ ነበረች። የከተትኩት ካርድ ነው የሸፈናት። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

አየችው። ቆማ ነበር፤ እዚያው ድንቹ መካከል ተቀመጠች። እኔን ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ተመስገን» አለች። ደግማ «ተመስገን» አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል ብዬ ነበር እኮ። ቦርሳሽን ከአልጋው ሳነሳው ቁልፉ ተጭኖብኝ ይሆናል እያልኩ ሌት ሌት አስባለሁ። ከተገዘተ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። ከውጭ ከዛፉ ሥር ቆሜ ነው የምሳለመው።»

ንጹሕ ሆና ሳለ። እኔ በየእሑዱ እየገባሁ ሳለ።

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ እታለም?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እጇን ታጥባ ከቤት ገመዱን አመጣች። ይፈለግ ይሆናል ብላ ከዳንግላ ይዛው ነው የመጣችው። «ነይ አብረን እንሂድ፤ ደግሞ ሳታውቂው ሌላ ነገር እንዳትከቺበት» አለች። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም፤ እናቷ ግን ከበሩ ላይ ሆነው ሳቁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እኔ ዘንድ አደረች። አልጋዬን ለቀቅኩላት፤ እምቢ አለች፤ ሁለታችንም መሬት ተኛን። 

ጠዋት ሙደሲር ሱቅ ገባን። ገመዱ ቀጥ ብሎ ገባ። ኮምፒውተሩ ድምፁን አሰማ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ መስኮቱ ተከፈተ። ዘጠኝ ፎቶ። «ኮፒ» አልኩት። አንድ፣ ሁለት እያለ ሲወርድ ሦስታችንም አብረን ቆጠርን። ሙደሲር ቶሎ ብሎ በሁለት ሲዲ ገለበጠውና ፍላሽ ላይም አስቀመጠው። «ካርዱስ? ልትመልሺው አልነበር?» አለኝ። «ይቆይ» አልኩት።

ትልቁ ስክሪን ላይ ሲከፍታት እናቴን አላወቅኳትም። ትስቃለች። እናቴ ጥርሷ ስለጎደለ ስትስቅ በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር፤ እኔ ፊት ዘወትር ትሸፍነው ነበር። እዚህ አልሸፈነችም። አገጯ ወደ ላይ ሄዶ፣ ዓይኗ ጠብቦ፣ ከልቧ ነው የምትስቀው።

«ምን ብለሻት ነው?» አልኳት።

እናትነሽ አንገቷን ደፋች። «ሀይማኖት ስለማትመጣ ፎቶሽን እንላክላት፣ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች አልኳት። ‹ይሄን ጥርስ? አለቃዋ አይቶ ያባርራታል› ብላ ሳቀች። በአዊኛ ሲሆን የባሰ ያስቃል።»

«ስለማትመጣ» ያለችው ለክፋት አይደለም። ሰማኋት።

መጨረሻ ላይ ያ የተበላሸው ፎቶ ወጣ። የተበላሸ አይደለም። የእናትነሽ ግማሽ ፊት ነው፤ ጥግ ላይ ደግሞ የሰው አውራ ጣት ሸፍኖታል። «ይቺን እሷ ናት ያነሳችኝ፤ ቁልፉ የቱ ነው እያለች» አለች እናትነሽ። ሙደሲር ጣቱን ቆርጬ ላውጣው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለታችንም በአንድ አፍ አይሆንም አልነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ዳንግላ

ትናንት አርባዋ ወጣ። ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ቆመ። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ እሷን ያያል፤ ያውቋት የነበሩ አሮጊቶች አለቀሱም ሳቁም። እናትነሽ ከእሑድ ጀምራ ወጥ ላይ ነበረች። ሴቶቹ ዕቃ ያቀብሏታል፤ ግን እጃቸው ቶሎ ይመለሳል፣ ዓይኗንም አያዩዋትም።

ጠዋት ለቄስ ሽባባው ሁሉንም ነግሬያቸው ነበር። ንስሐ ሰጡኝ። ከጸሎቱ በኋላ ተነስተው «የሟቿ ምስል ተገኝቷል፤ ግዝቱን ፈትቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታ» አሉና ሊቀመጡ ሆነ። ስሜን ሊያነሱ አልፈለጉም፤ ለእኔ አዝነው ነው። ሕዝቡ «ይፍታን» አለና እንደ ቀድሞው ወደ ማድ ቤቱ በር ዞሮ አየ። ተገኘ ማለት የሸሸገችውን መለሰች ማለት መሰላቸው። እናትነሽ ጭልፋዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን አልሸፈነችም። 

ዝም ብል ያልፍ ነበር። አየነውም እናትነሽም አይናገሩብኝም፤ ይህን አውቃለሁ።

ተነሳሁ። «የሸሸግኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ስላልሰሙኝ ደገምኩት። ካሜራው የራሱ ማስቀመጫ እንዳለው፣ ካርድ ሲገባበት እንደሚደበቅ፣ ካርዱን ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እናትነሽ እንዳልነካችው ነገርኳቸው። ማስቀመጫ፣ ካርድ፣ ገመድ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። ግማሹ ሰው አልገባውም። አንድ ሽማግሌ «እንዲያው በደፈናው ልጅቷ ንጽሕት ናት ነው የምትዪው?» አሉኝ። አዎ አልኩ።

እማማ ወርቅነሽ ግን ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «የካሜራውስ ነገር ይሁን ልጄ» አሉኝ። «ሳታውቂ ነው። ግን ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር፣ ስንት ለቀስተኛ ገብቶ ወጥቷል። ከሁሉ መርጠሽ እሷን የጠረጠርሽው ለምንድን ነው?»

 አየነው ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

እናቴ ከፍሬሙ ውስጥ እየሳቀች ነበር። እናትነሽን የጠረጠርኳት እናቴ ጥርሷን ሳትሸፍን የምትስቀው ለእሷ ስለነበረ ነው ብላቸው ኖሮ እውነቱ እሱ ነበር።